ስሙን ያጣ ዛፍ፣ ዛፉን ያጣ ስም

«ግራሩ ጋ ወራጅ አለ!»

ከመቂ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ በሚመላለሱ ሚኒባሶች ውስጥ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ተናገርኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል፤ ረዳቱ በሩን ይከፍታል፤ ወራጁም ከአስፋልቱ ወርዶ ወደ መንደራችን በሚያስገባው የአቧራ መንገድ ይጓዛል። ባለፈው የትንሣኤ በዓል ወላጆቼን ልጠይቅ ስሄድ እንደ ልማዴ ያንኑ ቃል ተናገርኩ። ከጎኔ የተቀመጠ አንድ ወጣት ተማሪ በመስኮቱ ግራና ቀኙን ቃኘና፣ «ጋሼ፣ ግራሩ የቱ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። በእግሮቼ መካከል ያስቀመጥኩትን ጥቁር ላስቲክ ጠበቅ አድርጌ ይዤ ዝም አልኩ። በቦታው ግራር የለም። ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል። የቀረው ስሙ ብቻ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ስለዚህ ዛፍና ስለ ስሙ ላወጋችሁ ወደድኩ። እኔ የዕፅዋት ተመራማሪ አይደለሁም። ቀን ቀን በባንክ መስኮት ተቀምጬ ሰው የማስተናግድ፣ ማታ ማታ ደግሞ ስንኝ ለመቋጠር የምታገል ሰው ነኝ። ሆኖም በሁለቱም ሥራዬ ከስም ጋር እውላለሁ፤ በአንደኛው የሰው ስም እመዘግባለሁ፣ በሌላኛው ለነገር ስም እፈልጋለሁ። የግራር ታሪክም ከሥር እስከ ጫፍ የስም ታሪክ ሆኖ ስላገኘሁት ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

አስቀድሜ ዛፉን ላስተዋውቃችሁ። ግራር የምንለው አንድ ዛፍ ሳይሆን ብዙ ወንድማማች ዛፎችን ነው። በደጋው ባዝራ ግራር የሚባለው አለ፤ በቆላው ሌሎች አሉ። የኛ መንደር ግራር በስምጥ ሸለቆ ሜዳ ላይ እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ የሚቆመው ነው፤ ጎረቤቶቻችን ኦሮሞዎች ደደቻ ይሉታል። ቅጠሉ ከስንዴ ቅንጣት ያነሰ ነው፤ ፀሐይ ውኃውን እንዳትመጥበት ራሱን ያሳነሰ ይመስላል። እሾሁ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ረጅም፣ ነጭና ቀጥ ያለ፣ ሌላው አጭርና እንደ ድመት ጥፍር የተቆለመመ። አንዱ ሲወጋችሁ ሌላው ይዞ ያስቀራችኋል። ፍሬው እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ ነው። ሣር በጠፋበት ወራት ፍየሎች ከሥሩ ተኮልኩለው የወደቀውን ይለቅማሉ፤ የዘሩ ልባስ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ስለ ሆነ በሆዳቸው አልፎ ከበጠጣቸው ጋር ሌላ ቦታ ይወድቃል፤ በዚያም ይበቅላል። እሾሃሙ ዛፍ የሚበላውን እንስሳ በአንድ እጁ እየመታ በሌላ እጁ ያጎርሰዋል።

አሁን ወደ ስሙ እንግባ።

ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ዛፍ በጽሑፍ የጠሩት የጥንት ግብፃውያን ናቸው። በአባይ ዳር ይበቅል የነበረውን ግራር «ሸንጄት» ለሚለው በሚቀርብ ድምፅ ይጠሩት ነበር። ዛሬም የግብፅ ዐረብ «ሰንጥ» ሲለው የዚያው የጥንቱ ስም ዘር ነው። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ግብፅን ሲጎበኝ የአባይ ጀልባዎች ሙጫ ከሚያነባ ከዚህ እሾሃማ ዛፍ ሲሠሩ አይቶ ጽፏል። ሙጫውም ሌላ ታሪክ ነበረው። የግብፅ ጸሐፍት ጥላሸቱን ከውኃው ጋር አዋሕዶ በደብዳቤው ላይ የሚያጣብቅላቸውን ነገር ያገኙት ከግራር ሙጫ ነበር። እስቲ አስቡት፤ በዚያ ዘመን የነገሥታቱ ስም ሳይረግፍ እስከ እኛ የደረሰው በከፊል ይህ ዛፍ ባነባው እንባ ተጣብቆ ነው። የሌላውን ስም ያቆየ ዛፍ የራሱን ስም ማቆየት ያለመቻሉ ነገር ወደ ኋላ ይመጣል።

ከግብፅ ወደ ዕብራውያን እንሻገር። በዕብራይስጥ ዛፉ «ሺጣ» ይባላል፣ ሲበዛም «ሺጢም»። ሊቃውንት ይህን ስም ከግብፁ ስም ጋር ያዛምዱታል። በኦሪት ዘጸአት ታቦቱ፣ የገጹ ኅብስት ገበታ፣ የድንኳኑ ሳንቃዎችና መሎጊያዎች የተሠሩት ከዚሁ እንጨት ነው። በሲና በረሃ ሳንቃ የሚወጣው ሌላ ዛፍ እንደ ልብ ስለማይገኝ ምርጫው አያስደንቅም፤ እንጨቱ ከባድ፣ ጠንካራና ተባይ የማይደፍረው ነው።

ታዲያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት ኦሪት በእስክንድርያ ወደ ግሪክ ሲተረጎም አንድ የሚገርም ነገር ሆነ። ተርጓሚዎቹ ዛፉ በደጃቸው እየበቀለ ስሙን አልጻፉም። በስሙ ፈንታ ጠባዩን ጻፉና «የማይበሰብስ እንጨት» አሉት። የኛ አባቶችም ብሉይ ኪዳንን ወደ ግዕዝ የመለሱት ከግሪኩ ነውና ያንኑ ተከትለው «ዕፅ ዘኢይነቅዝ» ብለው ተረጎሙ። ስለዚህ ግራር በአገራችን ቅዱስ መጽሐፍ ውስጥ ከሺህ ዓመት በላይ የኖረው በስሙ ሳይሆን በግብሩ ነው። በውዳሴ ማርያም የእሑድ ክፍል ድንግል ማርያም በታቦቱ ስትመሰል ያ የማይነቅዝ እንጨት አብሮ ይነሣል። በልጅነቴ አያቴ ጸሎቷን ስታደርስ ይህን ቃል ስሰማ አንድ ሰማያዊ እንጨት በዓይነ ኅሊናዬ ይታየኝ ነበር። ያ እንጨት ፍየሎቻችን ከሚጠለሉበት ዛፍ ጋር አንድ ዘር ይሆናል ብዬ ማን በነገረኝ?

ይህን ያወቅኩት አድጌ ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ታቦቱ የተሠራበትን እንጨት በግልጽ «ግራር» ብሎ ይጠራዋል። ሁለቱን አስተያይቼ ሳነብ የተሰማኝን ልግለጽላችሁ። ግዕዙ ዛፉን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጎ ነበር፤ አማርኛው እጁን ይዞ ወደ መንደራችን መለሰልኝ። ደግሞም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ የዕብራይስጡ ስም ተደብቆ የኖረበት አንድ ስፍራ አለ። እስራኤል ዮርዳኖስን ከመሻገራቸው በፊት የሰፈሩበት ቦታ ሰጢም ይባላል፤ ይኸውም «ግራሮቹ» ማለት ነው። እነሆ፣ ያኔም ሰው ቦታን በግራር ይጠራ ነበር። ያ የሞዓብ ሜዳ ሚኒባስ ቢኖረው ኖሮ ረዳቱ «ግራሮቹ ጋ ወራጅ!» ባለ ነበር።

ግሪኮች ግን ለዛፉ የራሳቸው ስም ነበራቸው። በመጀመሪያው መቶ ዓመት የኖረው የመድኃኒት ሊቅ ዲዮስቆሪደስ የግብፁን ግራር «አካኪያ» ብሎ ጽፎታል። ቃሉን ብዙዎች «አኪስ» ከሚለውና ሹል ጫፍ ማለት ከሆነው ቃል ያመጡታል። በግሪክ ቋንቋ ደግሞ በፊደልም በድምፅም ከዚህ የማይለይ ሌላ «አካኪያ» አለ፤ ትርጉሙም ክፋት የለሽነት፣ የዋህነት ነው። ሥራቸው የተለያየ ሁለት ቃላት አንድ ልብስ ለብሰው ይኖራሉ።

የአማርኛ ወዳጆች እዚህ ላይ ፈገግ ሳትሉ አልቀራችሁም። እኛስ ግራርና ገራር እያልን አይደል የምንጠራው? በሥርወ ቃል ይገናኛሉ እያልኩ አይደለም፤ የምናገረው ስለ ጆሮ ነው። በሁለት በተራራቁ ቋንቋዎች የእሾሃሙ ዛፍ ስም ከየዋህነት ስም አጠገብ ተቀመጠ። አንድ ገጣሚ ይህን አስቦ ቢጽፈው «አበዛኸው» ይባል ነበር። ቋንቋ ግን ማንንም ሳያስፈቅድ ይገጥማል።

የዘመናዊው ሳይንስ ስም የተወለደው ከዚሁ «አካኪያ» ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ዕፅዋትን ሁሉ በሁለት ሁለት ስም ሲያጠምቅ የአባይን ግራር ሚሞሳ ከሚላቸው ጋር ደምሮት ነበር። በዓመቱ በ1754 በለንደን የቼልሲ የመድኃኒት ዕፅዋት ቦታ ኃላፊ የነበረው ፊሊፕ ሚለር «አካሲያ» የሚለውን የወገን ስም አጸና። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር እንደ ትልቅ ቤተሰብ ነው። ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከአሜሪካ የተገኙ እሾሃማ ዘመዶች ሁሉ በዚህ ስም ተመዘገቡ። ወደ አውስትራሊያ የዘለቁ አውሮፓውያንም በዚያ አብዛኛውን እሾህ የሌላቸው፣ አበባቸው ቢጫ የሆነ እጅግ ብዙ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች አገኙና እነሱንም አካሲያ አሏቸው።

የኛም አገር ድርሻ ነበረው። ጀርመናዊው ዊልሄልም ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ኢትዮጵያ ገብቶ፣ አግብቶና ወልዶ፣ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ የአገራችንን ዕፅዋት እያደረቀ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። ብዙ የኢትዮጵያ ዛፎች የሳይንስ ስማቸውን ያገኙት በዚያ ዘመን ከእንዲህ ያለ የደረቀ ቅርንጫፍ ላይ ነው። የደጋው ባዝራ ግራርም «አካሲያ አቢሲኒካ» ተባለ። የቆላው የኛው ደግሞ ስለ ተጠማዘዘ ፍሬው «አካሲያ ቶርቲሊስ» ተብሎ በየመጽሐፉ ሰፈረ።

በዕፅዋት ሊቃውንት ሕግ አንድ የወገን ስም በአየር ላይ አይንሳፈፍም፤ በአንድ ዝርያ ላይ ይቸነከራል። ያ ዝርያ የስሙ ካስማ ነው። ወገኑ ቢከፋፈል ስሙ ከካስማው ጋር ይሄዳል፣ ሌሎቹ አዲስ ስም ይፈልጋሉ። የ«አካሲያ» ካስማ የአባዩ ግራር ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ሳይንቲስቶች ይህ ትልቅ ቤተሰብ በእርግጥ የአንድ አባት ልጆች እንዳልሆነ ደረሱበት። መለያየት ግድ ሆነ። በሕጉ ቢኬድ ስሙ ከአባዩ ግራርና ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር ይቀርና አንድ ሺህ ያህል የአውስትራሊያ ዝርያዎች ስም ይለውጡ ነበር።

በባንክ ሥራ እኛም እንዲህ ያለ ነገር ይገጥመናል። ሞክሼዎች ይመጣሉ፤ በስም፣ በአባት ስም፣ አንዳንዴም በአያት ስም አንድ የሆኑ ሰዎች። እናት ልጇን ስትሰይም የባንክ መዝገብ አላማከረችም። የሁለቱን ሒሳብ በቁጥር እንለያለን እንጂ አንዱን «ስምህን ለሱ ተውለት» አንለውም። ቢባልስ ማን ይተው? ቀድሞ የመጣው ነው? ወይስ ብዙ ዘመድ ያለው?

ይህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2005 በቪየና ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ጉባኤ ቀረበ። የአውስትራሊያ ሊቃውንት ካስማው ከአባዩ ግራር ተነቅሎ በአንድ የአውስትራሊያ ዝርያ ላይ እንዲተከል አስቀድመው ጠይቀው ነበር። ምክንያታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ዝርያዎች እዚያ ስለሚገኙ ጥቂቱ ቢለወጥ መደናገሩ ያንሳል የሚል ነው። ወርቃማው የአውስትራሊያ አካሲያም ከ1988 ጀምሮ የአገሪቱ ብሔራዊ አበባ ነው። ጉዳዩን ያየው ኮሚቴ ሐሳባቸውን ደገፈ፤ የመጨረሻው ቃል የጉባኤው ሆነ።

ድምፅ ተሰጠ። በዚያ ጉባኤ ድምፅ የሚሰጠው ሰው ብቻ አይደለም፤ የደረቁ ዕፅዋት ስብስብ ያላቸው ተቋማትም እንደ ስብስባቸው መጠን ከአንድ እስከ ሰባት ድምፅ አላቸው። ሺምፐርና መሰሎቹ የላኩት ቅርንጫፍ ሁሉ በየትኛው አህጉር እንደ ተከማቸ ልብ ይሏል። ቢሆንም ውጤቱ ሲቆጠር ከመቶ 54.9 የሚሆነው ድምፅ የካስማውን መነቀል የተቃወመ ሆኖ ተገኘ። ግራር አሸነፈ ልትሉ ነው። አላሸነፈም። በደንቡ መሠረት የኮሚቴን ውሳኔ ለመሻር ከመቶ 60 ድምፅ ያስፈልግ ነበርና ብዙኃኑ ተሸነፈ። ብዙ ክርክርና ብዙ የማስታረቂያ ሐሳብ ከቀረበ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው ቀጣይ ጉባኤ ውሳኔው ጸና። ያ ጉባኤ የተካሄደበት ከተማ ሜልቦርን ነበር፤ አውስትራሊያ ውስጥ።

እንግዲህ ዛሬ በሳይንስ ቋንቋ አንድም የአፍሪካ ነባር ግራር አካሲያ አይባልም። ገሚሱ «ሴኔጋሊያ» ተባለ፤ ይህስ ከአፍሪካ ምድር የተነሣ ስም ነው። የኛው ደደቻ፣ ባዝራ ግራርና የአባዩ ግራር ግን «ቫቼሊያ» ሆኑ። ቫቼል ማን ነው? በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በማካው ከተማ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ቄስ የነበረ፣ በቻይና አበባ የሚሰበስብ ሰው። የዕፅዋት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1834 ስሙን ለመዘከር አውጥተውት የነበረውን ስም ነው አሁን ግራር የለበሰው። ቄሱ ክፉ አላደረገብንም፤ ነፍሱን ይማር። ነገር ግን የታቦቱ እንጨት፣ የፈርዖን ጀልባ፣ የአያቴ ዕፅ ዘኢይነቅዝ የቻይና አበባ በሚለቅም እንግሊዛዊ መጠራቱን ስሰማ ሳቅም ሐዘንም ያዘኝ። ባዝራ ግራር አሁን «ቫቼሊያ አቢሲኒካ» ነው። በኛ አጠራር የመጀመሪያው ስም የራስ ነው፤ ሁለተኛው የአባት። የአባቱን ስም ትተውለት የገዛ ስሙን ወሰዱበት።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ያነበብኩ ሰሞን ተቆጥቼ ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ረጅም የቁጣ ግጥም ጀመርኩ። «ስማችንን ቀሙን» የሚል። ሦስተኛው ቤት ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። ሐምሌ 2005 የሚለውን ቀን ወደ ራሳችን አቆጣጠር ስመልሰው ሐምሌ 1997 ዓ.ም. ሆነብኝ። በዚያ ክረምት እኔ የት ነበርኩ?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት እጠብቅ ነበር። አባቴ ግን ውጤቱን አልጠበቀም። «ዩኒቨርሲቲ ሲጠሩህ በባዶ እጅህ አትሄድም» አለና አንድ ቀን ማለዳ መጥረቢያውን ይዞ በመንገዱ ዳር፣ በመሬታችን ወሰን ላይ ወደ ቆመው ግራር ሄደ። አጎቴ ተከተለው፤ እኔም ተከተልኩ። አባቴን «አባባ፣ ይቅር» አላልኩትም። ለመሄድ ጓጉቼ ነበርና።

ዛፉ እስከ ቀትር አልወደቀም። መጥረቢያው ሁለት ጊዜ ተሳለ። ከወደቀ በኋላ ቆራርጠን ከመርነው፣ ሣርና ቅጠል አለበስነው፣ በላዩ አፈር መለስንበትና በአንድ ጎኑ እሳት ለኮስንበት። ከሰል ማክሰል እሳትን ማፈን ነው፤ እንጨቱ እየተቃጠለ መንደድ የለበትም። አፈሩ ተሰንጥቆ አየር ከገባ ነበልባል ይነሣና ሁሉ አመድ ይሆናል። ወቅቱ ክረምት በመሆኑ ሥራው አስቸጋሪ ነበር፤ ዝናቡ አፈሩን ይሸረሽረዋል፣ እርጥብ እንጨት ጢሱን ያበዛዋል። ሌሊት ሌሊት ስንጥቁን በአካፋ እየደፈንኩ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። በዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ አያቴ በአንድ እጇ እንዝርት እያሾረች በሌላው ፊደሌን በስንጥር ታመለክተኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በአካባቢው የተከበሩ አንድ የኦሮሞ ሽማግሌ፣ ሁላችን «ኦቦ» እያልን የምንጠራቸው፣ ከገበያ ሲመለሱ ቆሙ። ከጉቶው አጠገብ በትራቸውን ተደግፈው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ አባቴን እንዲህ አሉት፤

«ዛፉስ ያንተ ነው፤ ማንም ምንም አይልህም። ጥላው ግን የማን ነበር?»

አባቴ አልመለሰም። ማታ ግን እራት ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ዛፍ መልሶ ይበቅላል፤ የልጅ ዕድሜ ግን መልሶ አይበቅልም» አለ። ለሽማግሌው የሚመልሰውን ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ እንደ ዋለ ያኔ ገባኝ።

አሥራ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ወጣው። ከአስፋልቱ ዳር ደረደርነው። የግራር ከሰል ረመጡ የሚቆይ በመሆኑ የአዲስ አበባ ሰው ይወደዋል፤ ከሐይቆቹ ሽርሽር የሚመለሱ መኪናዎች እየቆሙ በሁለት ቀን ጨረሱት። በገንዘቡ ሻንጣ፣ ብርድ ልብስና ጫማ ተገዛልኝ፤ የቀረው የኪስ ገንዘብ ሆነ። ውጤቱም መልካም መጣ። ዛሬ በባንኩ ግድግዳ ሳይሆን በእናቴ ሳሎን የተሰቀለው የዲግሪ ፎቶግራፌ፣ ያ ጥቁር ካባ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ የዚያ ከሰል ጥቁረት ነው።

እንግዲህ በየትኛው አፌ ነው የቪየናን ሊቃውንት የምወቅሰው? እነሱ ስሙን ወሰዱና ዛፉን ተዉት። በየበረሃው የቆመ ግራር ቫቼሊያ ቢሉት ቅጠል አልረገፈበትም፤ ፍየል ሊበላው ሲመጣ የሳይንስ ስሙን አይጠይቅም። እኛ ግን ዛፉን ወሰድንና ስሙን ተውነው። በቪየና ዛፉ ስሙን አጣ፤ በመንደራችን ስሙ ዛፉን አጣ። የትኛው ይብሳል?

ይህም የኔ ቤት ብቻ ታሪክ አይደለም። ከዝዋይ አልፋችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ የአቢጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ አለ። በግራር ደኑ የታወቀ ስፍራ ነበር፤ ደኑ በከሰልና በእርሻ ክፉኛ ተመናምኗል። ከሰል አክሳዩን መውቀስ ይቀላል፤ ማዳበሪያውን መኪናው ላይ የሚጭነውም፣ በዚያ ከሰል ቡና የሚያፈላውም፣ በዚያ ከሰል የተማረውም ግን አለ። አዲስ አበባ የተከራየሁበት ሰፈርም ላፍቶ ነው። ላፍቶ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። የሰፈሩን ስም በየቀኑ በታክሲ ተራ እሰማለሁ፤ ዛፉን ግን ስፈልግ አንድ ዓመት ፈጀብኝ። ያገኘሁት በአንድ አጥር ጥግ፣ ግማሹ ለኤሌክትሪክ ሽቦ ሲባል የተመለመለ ነበር።

ሰው ከዛፍ በኋላ ስሙን ለምን ያቆያል? ለብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ምናልባት ስም የጥላ ቅሪት ነው። ኦቦ የጠየቁት ጥላ የባለ መሬቱ አልነበረም፤ የመንገደኛው፣ የእረኛው፣ አውቶቡስ የሚጠብቀው፣ ወተት ይዛ ገበያ የምትወርደው ሴት ነበር። አባቴ ዛፉን እንጂ ጥላውን የመሸጥ መብት አልነበረውም፤ እነሱም ጥላቸውን አሳልፈው አልሰጡም። ዛፉ ሲሄድ በእጃቸው የቀረውን፣ ስሙን፣ ይዘው ቀሩ። በዚያ ቦታ ዛሬ ባጃጆች ተሰልፈው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ተራው «ግራር ተራ» ይባላል። አብዛኞቹ ሾፌሮች ዛፉ ሲቆረጥ አልተወለዱም። በቀትር ፀሐይ ራሳቸው ላይ ጨርቅ ጣል አድርገው ስሙ ሥር ይቆማሉ።

አሁን ስለዚያ ጥቁር ላስቲክ ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ለሥራ ወደ ዝዋይ ወርጄ ስመለስ ከአንድ ደደቻ ሥር እፍኝ የማይሞላ ፍሬ ለቀምኩ። ዘሩን በፈላ ውኃ ነክሬ አሳደርኩት፤ የፍየል ሆድ የሚሠራውን ሥራ ውኃው እንዲሠራልኝ ነው። በተቆረጠ የላስቲክ ዕቃ ውስጥ ዘራኋቸው። ከሃያው ሰባት በቀሉ፤ ከሰባቱ አንድ ተረፈ። አከራዬ እትዬ አንድ ቀን እሾሁን አይተው፣ «ልጄ፣ ጽጌረዳ ብትተክል ምን ነበረበት? እሾህ ግቢዬ ውስጥ አልወድም» አሉኝ። ጽጌረዳም እሾህ እንዳላት ልነግራቸው ፈልጌ ስለማከብራቸው ተውኩት። ስለዚህ በትንሣኤ ችግኙን በእግሮቼ መካከል አስቀምጬ ወደ አባቴ ይዤው ሄድኩ። ያ ተማሪ «ግራሩ የቱ ነው?» ሲለኝ ርዝመቱ ከአንድ ስንዝር ብዙ የማያልፍ መልስ እግሬ ሥር ነበረ። አፍሬ አላሳየሁትም።

አባቴ ችግኙን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። እጁን ወጋው። «አሁን ከተተከለ ፀሐይ ይጨርሰዋል፤ ክረምት እስኪገባ ግቢ ይቆይ» አለ። ስለ ድሮው ዛፍ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። ሐምሌ ላይ ስደውልለት ተክሎታል፤ ከድሮው ቦታ ሳይሆን ከሱ ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ባጃጆቹ በማይደርሱበት። «ፍየል እንዳይበላው አጥሬዋለሁ» አለኝ።

«በምን አጠርከው አባባ?»

ትንሽ ዝም ብሎ፣ «በግራር ቅርንጫፍ ነዋ፤ ከእሱ የተሻለ አጥር የት ይገኛል?» አለ።

ቅርንጫፉን ከማን ዛፍ እንደ ቆረጠው አልጠየቅኩትም።

ይድን አይድን አላውቅም። ቢድንም ለሰው የሚበቃ ጥላ እስኪጥል እኔ ጡረታ ወጥቼ ይሆናል። የቁጣውን ግጥም ቀድጄ በምትኩ ይህችን ቋጠርኩ፤ ውድ አንባብያን፣ ከነጉድለቷ ተቀበሉኝ።

ስሙን ቢወስዱበት ዛፉ ቆሞ ቀረ፣
ዛፉን ስንቆርጠው ግን ስሙ ብቻ ኖረ።
እኔም በጥላው ሥር ፊደል የቆጠርኩት፣
ዕዳውን በገንዘብ ዛሬም ያልከፈልኩት፣
ወራጅ አለ ስል ግን ግራሩ ጋ ብዬ፣
በየትኛው ጥላ ልቁም ተጠልዬ?